ወደ ሰማያዊ ያጋደለ አረንጓዴ

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬአለሁ ስል የሚስቅ ሰው አለ። ይሳቅ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለውን ትምህርቴን ያየ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ ከስምንተኛ በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም አላየውም፣ ስለሌለ። ግን ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ደረቴ ላይ ካርድ አንጠልጥዬ በዩኒቨርሲቲው ትልቅ በር ገብቼ ወጥቻለሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ዘበኛው «ዶክተር፣ እንደምን አደሩ» ብሎኛል። እሺ፣ አላለኝም። ሊል ሲል ግን አፉ ሲከፈት አይቻለሁ።

የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። የምሠራው አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። አጎቴን ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን፤ እኔን ደግሞ ሬዲዮ ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን ያልገባው ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ያሳደገኝም ሙያውን ያስያዘኝም ጋሼ ነው። እሱ ቀለም ይበጠብጣል፣ እኔ ሰው እበጠብጣለሁ፤ የሥራ ክፍፍላችን ይሄ ነው።

የተጋጨ መኪና ሲመጣ በሩ ወይም ኮፈኑ ተቀጥቅጦ ይቃናል፣ ጉድጓዱን የሚሞላው ስቱኮ ይለቀለቃል፣ ይፋቃል፣ ከዚያ ከቀረው የመኪናው ገላ ጋር የሚገጥም ቀለም ይበጠበጥለታል። ሌላው ጋራዥ ለዚህ ሚዛንና ኮምፒውተር አለው። እኛ ጋሼ ነበረን። መኪናውን አንዴ ያየዋል፣ ከአምስት ስድስት ጣሳ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ በእንጨት ያማስላል፣ አለቀ። አዲሱን በር ከአሮጌው ለይ ብትባል ፀሐይ ላይ ቆመህም አትለይም። እንዲያውም አንድ ጊዜ መኪናው ሳይመጣ፣ ባለቤቱ በስልክ ጥሩምባውን ሲነፋ ብቻ ሰምቶ ቀለሙን በጥብጦ ጠብቆታል። ይሄን ያየ ሰው ነግሮኛል፤ ለሰውዬው መጀመሪያ የነገርኩት ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ያ ዓይን ከስምንት ወር ወዲህ ከዳው። መጀመሪያ የታወቀኝ በአንዲት አስተማሪ ነጭ መኪና ነው። መኪናዋ ነጭ፣ በሩ የጥርስ ሳሙና ሆኖ ወጣ። ጋሼ ከጎኑ ቆሞ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አየውና «ገጠመ» አለ። ቀልዱን ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ በጥብጦ ዘወር ሲል እኔ ቢጫ ጠብ አደርግበታለሁ። ሁልጊዜ የሚያጋድለው ወደ ሰማያዊ ስለሆነ መድኃኒቱ ቢጫ ነው። ያመለጠኝን ደግሞ በምላሴ እቀባዋለሁ። ለአስተማሪዋ፣ ሁለት ነጭ መጀመሪያ ሲገናኝ ይተፋፈራል፣ በሦስት ወር ይላመዳል አልኳት። በሦስት ወሯ ተመልሳ መጣች። መኪናዋን የት እንደምታቆም ጠይቄ፣ ጥፋቱ የግድግዳው ጥላ መሆኑን፣ አዙራ ብታቆማት ሌላኛው ጎንም ደብዝዞ ከበሩ ጋር እንደሚመሳሰል አስረዳሁና አመስግናኝ ሄደች።

ነገሩን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የጋራዡ ላሜራ ቀጥቃጭ ብቻ ነበር። እሱም፣ ደሙ ነህ፣ የምትነግረው አንተ ነህ ብሎ መዶሻውን ያነሣል። እኔ ደግሞ ነገ እላለሁ። ጋሼ እኮ በሠላሳ ዓመት ያፈራው ነገር ቢኖር ያ ዓይን ነው። ማን ደፍሮ ይነካዋል?

ታዲያ በዚህ መሃል ዩኒቨርሲቲው ስድስት አውቶቡሶቹን ለእኛ ሰጠን። ከመስኮት በታች ያለው ተፍቆ በአዲስ ይቀባል፣ ከመስኮት በላይ የድሮው አረንጓዴ ይቀራል። ሁለቱ ካልገጠሙ ስድስት አውቶቡስ ሙሉ የጋሼን ውርደት ጠዋትና ማታ በከተማው ያዞራል። ቀለሙ ደግሞ በበርሜል የሚበጠበጥ ነው፤ ዘወር ሲል በጠብታ የሚታረም አይደለም። አውቶቡሶቹ ሳይመጡ መንገር አለብኝ። ያለኝ ጊዜ ስድስት ሳምንት ነበር።

ስድስት ሳምንቱ የመጣው ከዩኒቨርሲቲው ደንብ ነው። ሥራ የሚወስድ ድርጅት ሁሉ አንድ ሰው ልኮ ሙያዊ ተግባቦት የሚባል የስድስት ቅዳሜ ሥልጠና ሥራው ሳይጀመር ማስጨረስ አለበት። ጋሼ ግቢውን በዓይኑ ዞረና፣ ከመካከላችን ሲናገር የማይደክመው ሬዲዮ ነው፣ እሱ ይሂድ አለ። እኔም የንግግር ውድድር መስሎኝ ጫማዬን ወልውዬ ሄድኩ።

ከየመሥሪያ ቤቱ የተላክን አሥራ ሁለት ነበርን፤ ነርስ አለች፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ አለ፣ የጥበቃ ኃላፊ አለ። መምህርቷ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ድምፅዋ ቀጭን፣ የእጅ ሰዓቷ ትልቅ። ራሳችሁንና ሥራችሁን በአንድ ደቂቃ አስተዋውቁ አለችን። ተነሣሁ። አንድ ጥቁር መኪና ቀብቼ እንዴት እንዳብለጨለጨ፣ አንዲት ወፍ ኮፈኑ ላይ መልኳን አይታ ከራሷ ጋር እንዴት እንደተጣላች፣ ጠቡ ከሮ የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ጎራ ለይቶ እንዴት እንደተሰለፈ፣ በመጨረሻ ባለመኪናው ኮፈኑን ብርድ ልብስ አልብሶ እንዴት እንዳበረዳቸው ተረክሁ። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። አሥራ አራት ደቂቃ ፈጅቷል። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ፣ የእኚህ ሰው ሥራ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። አንዱ ወፍ አርቢ ናቸው አለ። ነርሷ የብርድ ልብስ ነጋዴ መሰሉኝ አለች። ቀለም ቀቢ ያለ አልተገኘም።

«ሲናገሩ ደስ ይላል» አለችኝ ጠጋ ብላ። «ግን የሰማዎት ሰው ምን ያድርግ?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት መልስ ሲጠፋኝ እፈጥር ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ ማዳመጥ ተማርን። ሰውየው ያለውን በራስህ ቃል መልሰህ ትነግረዋለህ፣ በትክክል መስማትህ ይረጋገጣል። ሰኞ ቀጥቃጩ ላይ ሞከርኩት። መዶሻ አቀብለኝ አለኝ። እንደገባኝ ከሆነ መዶሻ እንዳቀብልህ ትፈልጋለህ አልኩት። አዎ አለ። መዶሻው የሚያስፈልግህ ለሥራ መሆኑን ተረድቻለሁ አልኩት። አሁንስ ለሥራ አይደለም አለና ተነሣ። በዚያ ሳምንት ስለ ማዳመጥ ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ ተደብቄ ብዙ አሰብኩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ግን የመጣሁለትን ነገር አገኘሁ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ሣለች፤ በመሃል ባዶ ቦታ ተወች። አንዳንድ ሰው አስቸጋሪ ነገር ሲናገር እንዲህ ያደርጋል አለች፦ ከላይ ምስጋና፣ ከመሃል ችግሩ፣ ከታች ደግሞ ምስጋና። የዚህን ዘዴ ጉድለት ከዕረፍት በኋላ እናያለን አለች። ከዕረፍት በኋላ እኔ አልነበርኩም። ያገኘሁትን ይዤ በዚያው ወደ ጋራዥ ሮጥኩ።

ጋሼ ጣሳ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ፊቱ ቆምኩና፣ በዚህ ሙያ እንደ አንተ ያለ ሰው አልተፈጠረም አልኩ። ቀጥዬ፣ በቅርብ ጊዜ አንዳንድ ቀለም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ሰማያዊ ያጋደለ እንደመሰለኝ አነሣሁ። ትንፋሽ ሳልወስድ ደግሞ፣ ከአንተ ጋር መሥራት ለእኔ ትልቅ ክብር ነው ብዬ ዘጋሁ።

ጋሼ ሻዩን አስቀመጠ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ምን ሰበርክ?» አለኝ።

ምንም አልሰበርኩም ብል ማን ይስማኝ። ተነሥቶ ኮምፕሬሰሩን ነካካ፣ የቀለም መርጫዎቹን አንድ በአንድ አነሣ፣ የመስኮቱን መስተዋት ቆጠረ። የጋሼ ሚስት እትዬ ከቢሮዋ ወጥታ ምን ተፈጠረ ስትለው፣ ይሄ ልጅ አመሰገነኝ አላት። እሷም ደንግጣ የራሷን ዕቃ ልትቆጥር ተመልሳ ገባች። ከመሃል ያስቀመጥኩትን ግን የሰማው የለም። ሁለቱን ዳቦ በልተው መሃሉን ትተውልኝ ሄዱ።

አራተኛው ቅዳሜ ለመምህርቷ ሁሉን ነገርኳት። የማይነገረውን ለማይመለከተው ሰው መንገር ቀላል ነው፤ እንዲያውም ቢጫውን ስጨምር የነበረውን ጥንቃቄ ሳወራላት ሳላስበው ተኩራራሁ። እሷ አልሳቀችም። በአፍዎ ሲናገሩ የሚያመልጥዎ ከሆነ ይጻፉት አለች፤ የመጨረሻው የቤት ሥራም እሱው ነበር። በሥራ ቦታ ላለ ሰው፣ መናገር የፈራችሁትን ነገር፣ በአንድ ገጽ።

አራት ገጽ ጻፍኩ። መጀመሪያው ገጽ ስለ ቀለም አፈጣጠር ነበር። ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ ሰረዘችው። ሁለተኛው ገጽ ስለ ውለታው ነበር፤ እሱን ረዥም ጊዜ አነበበችና፣ ይሄ እውነት ነው፣ ግን ሌላ ቀን ይጻፉለት ብላ አጠፈችው። እንዲህ እንዲህ እያለች መጨረሻ ላይ የቀሩት አምስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። በሕይወቴ እንዲህ አጭር ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ጡረታ የወጣሁ መሰለኝ።

ማክሰኞ ወረቀቱን አጥፌ ለጋሼ ሰጠሁት። ራቅ አድርጎ አየው፣ ቀረብ አድርጎ አየው፣ ከዚያ፣ እጄ ቀለም ነው፣ አንተ አንብብልኝ ብሎ መለሰልኝ። እጁ ንጹሕ ነበር።

ገለጥኩት። «ጉዳዩ» የሚለውን አነበብኩ። ቀና ስል ጋሼ ጆሮውን ወደ እኔ ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጥሩ ወሬ እንደሚጠብቅ ልጅ ተቀምጧል። ምላሴ ያንን ፊት ሲያይ እኔን አላማከረኝም። «ጉዳዩ፣ ምስጋናን ስለ መግለጽ» ብሎ ቀጠለ። ዩኒቨርሲቲው የጋሼን ዝና ከሩቅ ሰምቶ ስድስቱን አውቶቡሶች በሙሉ እምነት እንደሰጠ፣ ፕሮፌሰሮቹም ቀለሙን ለማየት በጉጉት እንደሚጠብቁ አነበብኩ። ማኅተሙን ሁሉ አነበብኩ። ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በአራት አጠፈና የሥራ ልብሱ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ኪሱን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ያንን ወረቀት ማንም ቢያነብለት አለቀልኝ። ረቡዕ፣ የሥራ ልብስህ ቆሽሿል፣ ልጠብልህ አልኩት። ካልሲውን አጥቦ የማያውቅ ሰው እንዲህ ሲል ጋሼ ምን ይላል? ምን ሰበርክ ብሎ እንደገና መስተዋት ቆጠረ። ሐሙስ ጽሑፉ እንዲጠፋ ቲነር ደረቱ ላይ ላፈስ ስል ራሴ ላይ ፈሰሰ። ዓርብ ተስፋ ቆረጥኩ። ቅዳሜ የመጨረሻው ክፍል ነበር። ሁሉም የጻፈውን ለማን እንደሰጠና ምን እንደሆነ ተናገረ። የኔ ተራ ሲደርስ ሦስት የሚያማምሩ ውሸቶች አዘጋጅቼ ነበር። መምህርቷ አየችኝ። አላነበብኩለትም አልኩ። ሌላ ነገር አነበብኩለት፣ ሰኞ አውቶቡሱ ይመጣል አልኩና ተቀመጥኩ። ሰዓቷን አላየችም፤ አሥር ሰከንድ አይሞላም ነበር። ስንወጣ በር ላይ ጠብቃ፣ ሰኞ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ነው ብቻ ብላ ጠየቀችኝ፤ ገና ጊዜ አለዎት ማለቷ ነበር።

ሰኞ ማልጄ ስደርስ የመጀመሪያው አውቶቡስ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጋሼ ብቻውን ከፊቱ ጣሳ ላይ ተቀምጧል። የሥራ ልብሱ ታጥቦ ተተኩሷል። ቀጥቃጩ ወደ ጓሮ ነው፤ እትዬ ቢሮዋ ውስጥ ናት፣ መጋረጃው ግን ትንሽ ገለጥ ብሏል። ሌላ ጣሳ በእግሩ ገፋ አደረገልኝ። ተቀመጥኩ። ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ።

«ያንን የምስጋና ደብዳቤ እስቲ ድገምልኝ» አለኝ። «ሥራ ከመጀመሬ በፊት ልስማው።»

ወረቀቱን ያዝኩት። ምስጋናውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከማክሰኞው አሳምሬ ልደግመው እችላለሁ፣ እንዲያውም የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ልጨምርበት እችላለሁ። አውቶቡሱን አየሁት። አረንጓዴው ከነርዝመቱ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ እስክሪብቶው የጻፈውን፣ ቃል ሳልጨምር፣ አነበብኩት።

«ጉዳዩ፦ ዓይንህ። ጋሼ፣ ከስምንት ወር ወዲህ የምትበጠብጠው ቀለም ወደ ሰማያዊ ያጋድላል። አንተ ዘወር ስትል ቢጫ እየጨመርኩ የማስተካክለው እኔ ነኝ። አውቶቡሶቹን ከመጀመርህ በፊት ሐኪም ዓይንህን እንዲያየው እፈልጋለሁ። ሳልነግርህ የቆየሁት ፈርቼ ነው። አዝናለሁ።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ።

«እሷም እንዲሁ ነው ያነበበችው» አለ።

እትዬ ቅዳሜ ልብሱን ስታጥብ ኪሱን ፈትሻ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምስጋና ነው፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው ብሎ ራሱ አዝዟታል። ሁለት ሌሊት ይሄን ይዞ አድሮ ነው እኔን ጣሳ ላይ ያስቀመጠኝ። መሬት ብትከፈት በደስታ እገባ ነበር።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ መልሶ ኪሱ ከተተው። 

«ዓይኔ መድከሙ ታውቆኛል» አለ በመጨረሻ። «ሻይ ከብርጭቆው ውጪ ስቀዳ እኮ ነው የኖርኩት። የከፋኝ እሱ አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ገጠመ ስል የሚያምነኝ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።»

አዎ አልኩ። ሌላ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ አንዱም ለዚያ ሰዓት አልሆነም።

«ቢጫው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ እገረም ነበር» አለ። «ቲነር ስትሰርቅ አይቼህ አውቃለሁ፤ ቢጫ ስትሰርቅ ግን አላየሁም።» ትንሽ አሰበና፣ «ለነገሩ በምን ዓይኔ» አለ። እዚህ ላይ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያለቀሰ መስሎኝ ልሞት ነበር። እየሳቀ ነው። የቢሮው መጋረጃ ቶሎ ተዘጋ።

ከሳቁ ሲበርድ ተነሥቶ አውቶቡሱን በመዳፉ ዳበሰው። የአውቶቡሱ ሹፌር እሑድ ዕለት ሥራው ሰኞ ይጀመር ብሎ ደውሎ ነበር፤ ሌሎቹ አምስቱ መጠበቅ ይችላሉ፣ ይሄኛው ግን ዓርብ መውጣት አለበት። እኔ ደግሞ ብቻዬን መበጥበጥ አልችልም። ቀለም ሲሳሳት አውቃለሁ እንጂ ከባዶ ጣሳ መፍጠር የእጅ ነገር ነው፤ እጁ ያለው ጋሼ ጋር ነው።

«እኔ አሁን አረንጓዴ መሆኑን ብቻ ነው የማየው» አለ። «የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ አንተ ንገረኝ።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ማለዳ ጤዛ ያረፈበት፣ ገና ፀሐይ ያልነካው ለምለም መስክ ብዬ ስጀምር እጁን አነሣ፤ ጤዛውን ተወውና አለኝ። አውቶቡሱን እንደገና አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለምን ለሌላ ሰው ሳይሆን ለጋሼ ብዬ አየሁት፤ እሱ ምን ያውቃል፣ ምን አይቷል ብዬ።

«የእትዬን አረንጓዴ ሹራብ ታስታውሳለህ?» አልኩት። «አዲስ እያለ ሳይሆን፣ ከሁለተኛው እጥበት በኋላ። እሱን ነው። ክርኑ ላይ ያለውን ሳይሆን ደረቱ ላይ ያለውን።»

ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እጁ ሳይሳሳት ወደ ጣሳዎቹ ሄደ፤ አረንጓዴ ቀዳ፣ ነጭ ጨመረ፣ ቡኒ ጠብ አደረገ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ እየቆጠረ ነገረኝና ጻፍኩት። ትንሽ ላሜራ ላይ ቀብተን አደረቅነው። ይዘነው ወጣንና ከአውቶቡሱ ጎን አስጠጋሁት፣ ፀሐይ ላይ። ጋሼ ላሜራውን አላየም። የሚያየው እኔን ነበር።

«ገጠመ?» አለ።

ለዓይን የቀረበ ነው። ለባለአውቶቡሱ ይገጥማል፣ ለፕሮፌሰሮቹ ይገጥማል፣ ሦስት ወር ሲላመድ ደግሞ ማን ይለየዋል። የጋሼ ፊት ላይ ያ ማክሰኞ ያየሁት ነገር ተመልሶ መጥቶ ነበር።

«አልገጠመም» አልኩት።

«ወዴት ሸሸ?»

«ወደ ሰማያዊ።»

«ብዙ?»

«ለዚህ ጣሳ ሦስት ጠብታ ቢጫ።»

ቢጫውን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደና ወደ እኔ ገፋው። እኔ ጨመርኩ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረ። ሁለተኛውን ላሜራ ፀሐይ ላይ አስቀመጥነውና እስኪደርቅ ጣሳዎቻችን ላይ ተቀመጥን። እትዬ ከቢሮዋ ብቅ ብላ፣ ሐኪም ቤት ደውያለሁ፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው አለች።

«የምትወስደኝ አንተ ነህ» አለኝ ጋሼ ዓይኑን ከላሜራው ሳያነሣ። «እዚያ ግን የማወራው እኔ ነኝ። አንተ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።»